ሶሲዮሎጂ እስከ ዩኒቨርሲቲ ለምን ይቆየናል?

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ፈጽሞ ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚገባ የአገራችን ወጣት ብዙ ነገር ተምሯል። የኒውተንን ሕግጋት ይዘረዝራል፤ የፈረንሳይ አብዮት የፈነዳበትን ዓመት ያውቃል፤ የፍላጎትንና የአቅርቦትን መስመር ስሎ የሚገናኙበትን ነጥብ ያሳያል። ተወልዶ ባደገበት ሰፈር ስንት ቤተ ሰብ እንዳለ፣ ከእነዚያም መካከል ስንቱ የዕድር አባል እንደ ሆነ፣ ያልሆነውም ስለ ምን እንዳልሆነ ቢጠየቅ ግን ዝም ይላል። ይህ የወጣቱ ጥፋት አይደለም። በአሥራ ሁለት ዓመት የትምህርት ዘመኑ ውስጥ ይህን የመሰለ ጥያቄ ያቀረበለት መምህርም ሆነ መጽሐፍ ስላልነበረ ነው።

እኛ ይህን ጽሑፍ የምናቀርበው ተማሪዎች ሁላችንም ሶሲዮሎጂ የምናጠና አይደለንም፤ ከመካከላችን የኢኮኖሚክስና የታሪክ ተማሪዎች አሉ። ስለዚህ "ሁሉም የሙያውን ገበያ ያደምቃል" ተብለን እንዳንታማ አስቀድመን እንናገራለን። አሳባችን ባጭሩ ይህ ነው፤ ሶሲዮሎጂ ራሱን የቻለ ትምህርት ሆኖ በ11ኛና በ12ኛ ክፍል መሰጠት ይገባዋል፤ ሲሰጥም የሚሸመደድ ቃል ሳይሆን ተማሪው ሰፈሩን የሚያጠናበት ሥራ መሆን አለበት። ከእነዚህ ከሁለቱ ሁለተኛው የሚቀር ከሆነ የመጀመሪያውም ቢቀር አንከራከርም።

ነገሩ እስካሁን እንዴት እንደ ሄደ እንመልከት። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ 11ኛና 12ኛ ክፍልን ለከፍተኛ ትምህርት መሰናዶ አድርጎ ተማሪውን በተፈጥሮ ሳይንስና በማኅበራዊ ሳይንስ ለሁለት ከፈለው። ያ ፖሊሲ በ2015 ዓ.ም. በሌላ ቢተካም ይኸው አከፋፈል አልቀረም። በማኅበራዊ ሳይንስ በኩል የተመደበው ጂኦግራፊ፣ ታሪክና ኢኮኖሚክስ ይማራል። ስለ መሬቱ፣ ስላለፈው ዘመንና ስለ ገበያው ይማራል ማለት ነው። ክፍሉ ስሙን ያገኘበት ማኅበረሰብ ግን የራሱ ክፍለ ጊዜ የለውም። ጠበል ጠዲቅ ብሎ ጠርቶ ባዶ ገበታ እንደ ማቅረብ ያለ ነገር ነው።

ተማሪው ዩኒቨርሲቲ ሲደርስ ነገሩ በመጠኑ ይሻሻላል። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በአንደኛ ዓመት እንዲሰጡ ከተደነገጉት የጋራ ትምህርቶች አንዱ ሶሻል አንትሮፖሎጂ ነው። ይህን እንደግፋለን። ነገር ግን ከብዙ ሌሎች ትምህርቶች ጋር ተጨናንቆ በአንድ ሴሚስተር የሚያልቅ ከመሆኑም በላይ የሚያገኘው ዩኒቨርሲቲ ለመግባት የታደለው ብቻ ነው። የሚገባው ደግሞ ከማይገባው ጋር ሲነጻጸር ስንት እንደ ሆነ ወደ ታች እንደርስበታለን።

አሳባችንን ስናካፍላቸው አንዳንድ መምህራን፣ "ታዲያ ሥነ ዜጋ ምን ሲሠራ ኖረ?" ይሉናል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ዋናው ነገራችንም ያለው እዚህ ላይ ነው። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን በየትምህርት ቤቱ ግብረ ገብ ይሰጥ ነበር፤ ለታላቅ መታዘዝን፣ ሐቀኝነትንና አገር መውደድን ያስተምር ነበር። ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ የፖለቲካ ትምህርት መጣ፤ ማርክሲዝም ሌኒኒዝም፣ የመደብ ትግልና የምርት ግንኙነት ተባለ። ከ1983 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ ደግሞ ሥነ ዜጋና ሥነ ምግባር ተተካ፤ ሕገ መንግሥት፣ መብትና ግዴታ ተባለ። ሦስቱ በይዘታቸው ሰማይና ምድር ናቸው። በአንድ ነገር ግን የአንድ እናት ልጆች ናቸው፤ ሦስቱም ለወጣቱ ምን መሆን እንደሚገባው ይነግሩታል እንጂ ነገሩ በእውነት እንዴት እንደ ሆነ ሄዶ እንዲያይ አይልኩትም። መልሱ አስቀድሞ በመጽሐፉ ተጽፏል። የተማሪው ድርሻ የተጻፈውን መመለስ ነው። መንግሥት ሲለወጥ መልሱ ይለወጣል፤ ተማሪውም አዲሱን መልስ ያጠናል።

ሶሲዮሎጂ ከዚህ የሚለየው ከመልስ በፊት ጥያቄ ይዞ በመምጣቱ ነው። ሥነ ዜጋ "ሴቶችና ወንዶች እኩል ናቸው" ይላል፤ ተማሪውም "እውነት" የሚለውን አክብቦ አንድ ነጥብ ያገኛል። የሶሲዮሎጂ መምህር ግን፣ "በእናንተ ቤት ትናንት ውኃ የቀዳው ማን ነው? ዕቃ ያጠበውስ? በዚያ ሰዓት የቤት ሥራውን ይሠራ የነበረው ማን ነው?" ብሎ ይጠይቃል። ከስድሳ ተማሪ የተሰበሰበው መልስ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሲደመር ስለ እኩልነት ስብከት ማድረግ አያስፈልግም። ስብከቱ ቢቀርም ቁጥሩ ከተማሪው ጋር ወደ ቤቱ ይሄዳል።

አሜሪካዊው ሲ. ራይት ሚልስ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1959 ባሳተመው በሰፊው በሚታወቀው መጽሐፉ የሰጠው ምሳሌ ለዚህ ይጠቅመናል። በ100,000 ሕዝብ ከተማ አንድ ሰው ብቻ ሥራ ቢያጣ የሰውዬው የግል ችግር ነው፤ ጠባዩንና ችሎታውን እንመረምራለን። 50 ሚሊዮን ሠራተኛ ባለበት አገር 15 ሚሊዮኑ ሥራ ቢያጣ ግን የእያንዳንዱን ጠባይ መመርመር ከንቱ ድካም ነው፤ የተበላሸው ሌላ ነገር ነው።

ይህን ወደ ራሳችን አገር እንመልሰው። በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ የ12ኛ ክፍልን ብሔራዊ ፈተና 896,520 ተማሪዎች ተፈተኑ። ከእነዚህ መካከል 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ፤ 3.3 ከመቶ መሆኑ ነው። አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ከአንድ ሺሕ በላይ ነበሩ። የትግራይ ወጣቶች ደግሞ በጦርነቱ ምክንያት በዚያ ዓመት ለፈተናው ስላልተቀመጡ ከወደቁትም ከአለፉትም ጋር አልተቆጠሩም። ውጤቱ የተነገረ ሰሞን በየቤቱና በየሻይ ቤቱ ምን እንደ ተባለ አንባቢ ያስታውሳል። አባት ልጁን፣ "ስልክህ ላይ ተተክለህ እየዋልህ ምን ልታመጣ ኖሯል!" አለው። ልጅ መምህሩን ወቀሰ። መምህሩ ስለ ደመወዙ አነሣ። ሌላው ሚኒስቴሩን ረገመ፤ ሌላው ኩረጃ በመቅረቱ ነው ብሎ ተሳለቀ።

በቀድሞው ዘመን በገጠራችን አውጫጭኝ የሚባል ሥርዓት ነበር። ከብት ሲሰረቅ ወይም ቤት ሲቃጠል የአገሩ ሰው በሙሉ በአንድ ቦታ ተሰብስቦ ወንጀለኛው እስኪታወቅ ድረስ አይበተንም። ሥርዓቱ የራሱ ጥበብ ነበረው። የእኛም ልማድ ከዚያ የቀጠለ ይመስላል፤ ችግር ሲደርስ ተሰብስበን የምንፈልገው ጥፋተኛውን ሰው ነው። ሶሲዮሎጂ ግን የሚፈልገው ምክንያቱን ነው። ያላሳለፉት ትምህርት ቤቶች በየት በየት ይገኛሉ? ቤተ መጻሕፍት አላቸውን? ተማሪው ወደ ትምህርት ቤቱ የሚሄደው ስንት ሰዓት ተጉዞ ነው? በሁለቱ ዓመታት ውስጥ የእንግሊዝኛ መምህሩ ስንት ጊዜ ተለወጠ? እነዚህ ጥያቄዎች መልስ ካገኙ ጥፋተኛ የሚባለው ሰው ቢኖርም ባይኖርም ለሚቀጥለው ዓመት የሚሠራው ሥራ ይታወቃል።

ለዩኒቨርሲቲ ያልበቃው ወጣት ይህን ዓይነቱን አስተሳሰብ ከማንም የበለጠ ይፈልገዋል፤ እርሱ ግን ትምህርቱ ከሚሰጥበት ደጃፍ ሳይደርስ ቀረ። ከ866,000 በላይ ወጣቶች እያንዳንዳቸው ለየብቻቸው "ሰነፍ ነኝ" ብለው በየቤታቸው ሲቀመጡ፣ ከጎረቤት ፊት ላለመታየት ከቤት መውጣት ሲተዉ፣ የደረሰባቸው ነገር የግል ጉድለታቸው ብቻ አለመሆኑን የሚያስረዳ አንድ ምዕራፍ እንኳ በትምህርት ቤት አላነበቡም። ያለፈውም ተማሪ ቢሆን መጽሐፍ ባለበት ትምህርት ቤት መማሩን ረስቶ ሁሉንም ከጭንቅላቱ ብልሃት እንዲቆጥረው ተትቷል። ሶሲዮሎጂን ለ12ኛ ክፍል የምንጠይቀው በመጀመሪያ ደረጃ ዩኒቨርሲቲ ለማይገባው ነው ብንል አልተሳሳትንም።

አሁን ወደ ተቃዋሚዎቻችን እንሂድ። አንዱና ብርቱው ተቃውሞ፣ "ትምህርቱ ፖለቲካ ይሆናል፤ የክፍሉን ተማሪ እርስ በርሱ ያናክሰዋል" የሚል ነው። ፍርሃቱ ከሜዳ የመጣ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. ጥቅምት ወር መጨረሻ በወልድያ ዩኒቨርሲቲ በተነሣው ጠብ ተማሪዎች ሞተዋል፤ ጠቡም ወደ ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች ተዛምቷል። አንድ መጽሐፍ ይህን ያስቀር ነበር ብለን አንደፍርም። ነገር ግን ስለ ብሔር፣ ስለ ሃይማኖት፣ ስለ ሀብታምና ድኻ የሚነገረው ንግግር ሶሲዮሎጂ ስለሌለ አልቆመም። በመኝታ ቤት፣ በምግብ አዳራሽ ሰልፍ ላይና በስልኩ መስኮት ላይ ሌሊቱን ሙሉ ይነገራል። የጎደለው "ይህን በምን አወቅህ?" የሚል ሰው ነው።

ከእኛ በፊት የነበሩትን ተማሪዎች እናስታውስ። በ1957 ዓ.ም. "መሬት ለአራሹ" ብለው ሰልፍ ወጡ። ዋለልኝ መኮንን በኅዳር ወር 1962 ዓ.ም. ስለ ብሔረሰቦች ጥያቄ የጻፈው ጽሑፍ "ስትራግል" በተባለው የተማሪዎች ጋዜጣ ላይ ወጣ። ያ ጽሑፍ ልክ ነው አይደለም የሚለው ክርክር ከሃምሳ ዓመት በኋላም አልበረደም፤ እኛም እዚህ አንፈርድበትም። ልብ እንዲባል የምንፈልገው ሌላ ነገር ነው። በኢትዮጵያ የመጀመሪያው አገር አቀፍ የሕዝብ ቆጠራ የተደረገው በ1976 ዓ.ም. ነው። ይህም ማለት ያ ሁሉ ክርክር በሚደረግበት ጊዜ አገሪቱን የቆጠራት ሰው አልነበረም ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ በ1987 እና በ1999 ዓ.ም. ተቆጠረ። አራተኛው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2017 ሊደረግ ታስቦ ተላለፈ፤ በ2019ም እንደገና ተላለፈ። ታላላቆቻችን ሳይቆጠር ተከራከሩ፤ እኛም በአሮጌ ቆጠራ እንከራከራለን። ቢያንስ ቆጠራ ምን እንደ ሆነ፣ መጠይቅ እንዴት እንደሚዘጋጅ፣ "ብሔርህ ምንድን ነው?" የሚለው ጥያቄ አባቱ ከአንድ እናቱ ከሌላ ለሆነ ሰው እንዴት እንደሚቀርብ ተማሪው በ17 ዓመቱ ቢያስብበት ይከፋልን?

ፖለቲካ ይገባበታል የሚለውን ግን አንክድም፤ በሌላ አገር ገብቷልና። በህንድ አገር ሶሲዮሎጂ በ11ኛና በ12ኛ ክፍል የሚሰጥ ትምህርት ነው። በታኅሣሥ ወር 2021 እ.ኤ.አ. በተሰጠው የ12ኛ ክፍል ፈተና ላይ በ2002 በጉጃራት በሙስሊሞች ላይ የደረሰው ጥቃት በየትኛው ፓርቲ መንግሥት ዘመን እንደ ሆነ የሚጠይቅ ጥያቄ ወጣ። በማግሥቱም አይደለም፣ በዚያው ቀን የፈተናው ቦርድ ጥያቄው ተገቢ እንዳልነበረ ገልጾ በጥያቄው አውጪዎች ላይ እርምጃ እንደሚወስድ አስታወቀ። ቆይቶም ከ12ኛ ክፍሉ መጽሐፍ ስለ ህንድ ዴሞክራሲ የሚናገረው ምዕራፍ "ጫና ለመቀነስ" ተብሎ ወጣ። ከዚህ የምንረዳው ትምህርቱ አደገኛ መሆኑን ሳይሆን ሕይወት ያለው መሆኑን ነው። ስለ አማዞን ደን የሚጠየቅ ጥያቄ ይህን ያህል ሚኒስትር አያስደነግጥም።

የህንዱ መጽሐፍ ከሌሎች ይልቅ ለእኛ ይቀርባል የምንልበት ምክንያት አለን። አገሩ ብዙ ቋንቋና ብዙ ሃይማኖት ያለበት፣ ሕዝቡም በአብዛኛው ገበሬ ሆኖ የኖረ አገር ነው። የ12ኛ ክፍሉ መጽሐፍ ሲጀምር ሶሲዮሎጂ ከሌላው ትምህርት ሁሉ የሚለይበትን ይገልጻል፤ ፊዚክስን ከዜሮ የሚጀምር ተማሪ ስለ ማኅበረሰብ ግን ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቃል፤ ይህ ዕውቀቱ ሀብትም ዕንቅፋትም ነው ይላል። የ11ኛ ክፍሉ ደግሞ እንደ ጉርዬና እንደ ስሪኒቫስ ስላሉ የአገሩ ሊቃውንት ራሱን የቻለ ምዕራፍ አለው። ኤም. ኤን. ስሪኒቫስ በአንድ መንደር ኖሮ የጻፋቸው ማስታወሻዎች በ1970 በእሳት ቢወድሙበት ከትዝታው አንሥቶ በ1976 መጽሐፍ አደረገው። አንድ የህንድ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ይህን ታሪክ ሊያነብ ይችላል። ከመቶው ነጥብ ውስጥ 80ው በጽሑፍ ፈተና፣ 20ው ደግሞ ተማሪው ራሱ አጥንቶ በሚያቀርበው ሥራ የሚያዝ ነው። እኛ ለዚህች ለ20ዋ ነው ዓይናችን የቀላው።

በእንግሊዝ አገር ደግሞ ተቃውሞው ሌላ ነው፤ "ትምህርቱ ቀላል ነው" ይባላል። ስመ ጥሩዎቹ የራስል ግሩፕ ዩኒቨርሲቲዎች በ2011 ለተማሪዎች ባወጡት መመሪያ መንገድ ከፋች ያሏቸውን ትምህርቶች ሲዘረዝሩ ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ታሪክ፣ ጂኦግራፊ እያሉ ሄደው ሶሲዮሎጂን ተዉት። በ2019 ዝርዝሩን ራሳቸው ሰረዙት። በፈረንሳይ ከ1960ዎቹ አጋማሽ የትምህርት ማሻሻያ ወዲህ ከኢኮኖሚክስ ጋር አንድ ላይ ሆኖ ይሰጣል፤ ስለዚህም ኢኮኖሚክሱ በዛ ሶሲዮሎጂው በዛ እየተባለ ይጨቃጨቁበታል። ቀላል ነው ለሚለው የእኛ መልስ አጭር ነው። ሽምደዳ ከሆነ በእርግጥ ቀላል ነው። አንድ የዕድር ዳኛ የሚናገረውን ከአንዲት ተከራይ ሴት ቃል ጋር አስተያይቶ ልዩነቱን መጻፍ ግን ካልኩለስ ለሚያውቅም ሰው ከባድ ነው።

ምሳሌያችንን ወደ ዕድር የምንመልሰው ያለ ምክንያት አይደለም። ዕድር የሌለበት የከተማ ሰፈር ማግኘት አስቸጋሪ ነው፤ በሐረር አፎቻ አለ፤ በገጠሩ ደቦና ወንፈል አለ። ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር በተባለው መጽሔት ላይ በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ስለነዚህ ማኅበራት የተጻፉ ጥናቶች ነበሩ፤ ዛሬም በየዩኒቨርሲቲው የመመረቂያ ጽሑፍ ይጻፍባቸዋል። ለተማሪ ቤት ግን አንድም አልደረሰ። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው ማለት ይህ ነው።

እንግዲህ አንድ የ11ኛ ክፍል አርባ ተማሪ ያለበት ይሁን። በስምንት በስምንት ተከፍለው በየሰፈራቸው አንድ አንድ ዕድር ይይዛሉ። መጀመሪያ ወደ ዳኛውና ወደ ጸሐፊው ሄደው በትሕትና ይጠይቃሉ፤ መተዳደሪያ ደንቡን ያነባሉ። መዋጮው በወር ስንት ነው? ሐዘን ሲደርስ ድንኳን፣ ወንበርና ብረት ድስት ለማን ይወጣል? ለቀብር ያልመጣ ስንት ይቀጣል? የቤት ሠራተኛ ስትሞት ዕድሩ ይቀብራታልን? ዳኛው፣ "በሰፈራችን ዕድር የሌለው ሰው የለም፤ በራችን ለሁሉ ክፍት ነው" ይላል። በሚቀጥለው ሳምንት ተማሪዎቹ ከበር ወደ በር ይሄዳሉ። በግቢው ጓሮ ባለ አንድ ክፍል ውስጥ የሚኖረው ተከራይ፣ የመግቢያው ገንዘብ እንደ ከበደው፣ በየዓመቱም ቤት ስለሚለቅ አባል መሆን እንደማይጠቅመው ይነግራቸዋል። ተማሪው በዚህ ጊዜ ሁለት የማይገጣጠሙ ቃሎች በደብተሩ ላይ ይዟል። ዳኛው አልዋሸም፤ ተከራዩም አልዋሸም። ይህን እንዴት እናስታርቀው ብሎ ማሰብ ሲጀምር፣ በእኛ ግምት፣ ሶሲዮሎጂ የተጀመረው ያን ሰዓት ነው።

በአዲስ አበባ ደግሞ ሌላ የሚጠና አለ። የልደታ አሮጌ ሰፈር ከአሥር ዓመት በላይ በፊት ፈረሰ፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ካዛንቺስ ፈረሰ። ነዋሪው ወደ ኮንዶሚኒየምና ወደ ከተማው ዳርቻ ሲሄድ ዕድሩ ምን ሆነ? ገንዘቡን ተካፍሎ ተበተነን? ወይስ አባላቱ ከያሉበት በታክሲ እየመጡ ይቀብራሉ? በኮንዶሚኒየሙስ አራተኛ ፎቅ ላይ ሐዘን ሲደርስ ድንኳኑ የት ይተከላል? የዚህን መልስ የሚያውቁት እናቶቻችን ናቸው፤ ልጆቻቸው ግን ጠይቀው አልጻፉትም። ሰዎቹ ሲያልፉ መልሱም ያልፋል።

ስለ ቋንቋው አንድ ነገር ጣልቃ እናስገባ። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለ ሆነ፣ ሶሲዮሎጂም ቢገባ "ኖርም"፣ "ሳንክሽን"፣ "ሮል" የሚሉ ቃላት ከነፍቻቸው ተጽፈው ይሸመደዳሉ ብለን እንሰጋለን። ተማሪው ግን ነገሩን በራሱ ቋንቋ ያውቀዋል። ይሉኝታ የሚባለው ቃላችን፣ ሰው ምን ይለኛል የሚለው ፍርሃት፣ ያለ ዳኛና ያለ ፖሊስ ሰውን ሁሉ እንዴት እንደሚገዛ ያሳያል። ብድር ወስዶ ድል ያለ ሠርግ የሚደግሰው አባት በይሉኝታ ነው፤ የተራበ እንግዳ "በልቻለሁ" የሚለው በይሉኝታ ነው። አንድ ተማሪ ስለ ይሉኝታ በአማርኛ፣ ወይም ኦሮሞ ከሆነ ስለ ሰፉ በኦሮምኛ፣ ሁለት ገጽ ቢጽፍ የእንግሊዝኛውን ፍቺ መቶ ጊዜ ከመገልበጥ ይበልጥበታል። የአማራን ባህል በሶሲዮሎጂ ዓይን ከመረመሩት መጻሕፍት በጣም የታወቀውን፣ በ1965 እ.ኤ.አ. የወጣውን "ዋክስ ኤንድ ጎልድ" የጻፈው አሜሪካዊው ዶናልድ ሌቪን ነው። ሥራውን እናከብራለን። ግን ስለ ሰምና ወርቅ አሜሪካዊው እስኪጠይቀን መጠበቅ አልነበረብንም።

መምህር ከየት ይመጣል ለሚለው፣ ዩኒቨርሲቲዎቻችን በየዓመቱ ሶሲዮሎጂ አጥንተው የሚወጡ ወጣቶችን ያስመርቃሉ፤ ትምህርቱ በሁለተኛ ደረጃ ስለሌለ ግን ከተመራቂዎቹ መካከል ማስተማር የሚወድ ቢኖር የሚገባበት ክፍል የለውም። የማስተማር ሥልጠና ጨምሮ መመደብ የሚቻል ነገር ነው። በዚህ ላይ ብዙ አንናገርም።

የሚያስጨንቀን ፈተናው ነው። ብሔራዊው ፈተና ምርጫ ነው፤ እርማቱም በመኪና ነው። መኪና የዕድር ጥናት አያርምም። ትምህርቱን ወደዚህ ፈተና ብናስገባው በሁለት ዓመት ውስጥ አራት አማራጭ ያለው ሥነ ዜጋ ሆኖ ቁጭ ይላል። ከፈተናው ውጭ ብናደርገው ደግሞ ፈተና የማይመጣበት ትምህርት ዕጣው ምን እንደ ሆነ ሁላችንም አይተናል፤ የስፖርትና የሥዕል ክፍለ ጊዜ ለሒሳብ ማካካሻ ሲሰጥ አይደለም እንዴ የኖረው? ከመካከላችን ገሚሱ፣ ትምህርት ቤቱ ራሱ የሚሰጠው ነጥብ ከአጠቃላይ ውጤት ውስጥ ይግባ ይላል። ገሚሱ ደግሞ ነጥቡ በዘመድና በትውውቅ ይሰጣል ብሎ ይፈራል። ሁለቱም እውነት አላቸው። እኛ ወደ መጀመሪያው እናዘነብላለን፤ የተማሪውን ደብተር የሌላ ትምህርት ቤት መምህር እንዲያየው ቢደረግ አድልዎው ይቀንሳል ብለን እናስባለን። ከዚህ የተሻለ ዘዴ ያለው መምህር ቢጽፍልን በሚቀጥለው ዕትም እናወጣለን።

ሚኒስቴሩ እስኪወስን እጃችንን አጣጥፈን እንድንቀመጥ አንመክርም። በ1957 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ሲጀመር የዚያ ዘመን ተማሪዎች ለአንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛት እየወጡ በአብዛኛው ያስተምሩ ነበር። እኛ አንድ ዓመት አንጠይቅም፤ አሥር ቅዳሜ ጠዋት ይበቃል። ማኅበራችን በቅርብ ካሉት ትምህርት ቤቶች ሁለቱን ወይም ሦስቱን መርጦ ፈቃድ ይጠይቅ። የሶሲዮሎጂ የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎች ከሌሎቻችን ጋር ሆነው ወደ 11ኛ ክፍል ይሂዱ፤ የዕድሩን ጥናት ከተማሪዎቹ ጋር ይሥሩ። መጠይቁን የሚያይልን፣ ተማሪዎቹም የሰው ገመና እንዳያወጡ የሚቆጣጠር አንድ መምህር ያስፈልገናል። ለእያንዳንዱ ቡድን ሁለት ደብተርና ለዳኛው የምትጻፍ አንዲት ማኅተም ያለባት ደብዳቤ ትበቃለች። ልጆቹ የሚጽፉት በዚችው ጋዜጣ ተባዝቶ ይወጣል፤ ለየዕድሩም አንድ አንድ ቅጂ ይደርሰዋል፤ ስለ ራሱ የተጻፈውን አንብቦ እንዲያርም። በዚህ ሥራ ለመግባት የሚፈቅዱ ተማሪዎችና መምህራን እስከ ወሩ መጨረሻ ድረስ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ስማቸውን እንዲያስመዘግቡ እንለምናለን፤ በተለይም የመጡበትን ሰፈር ስም ጨምረው ቢያስመዘግቡ የትኛው ቡድን ወዴት እንደሚሄድ ለመደልደል ይቀለናል።